የጋራ መዝገብ ቤት በክላውድ፤ አንድ ሰነድ ለብዙ እጅ

ንግድ በዕቃና በገንዘብ ብቻ የሚካሄድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ አንድ ኮንቴይነር፣ ከእርሱ ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም ከእርሱ ቀድሞ የሚጓዝ የወረቀት ጓዝ አለው። ይኸውም ፋክቱሩ፣ የዕቃው ዝርዝር፣ የማስጫኛ ሰነዱ፣ የባንኩ ፈቃድ፣ የኢንሹራንሱ ውልና የጉምሩኩ ዲክላራሲዮን ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለ ወይም ከሌላው ጋር ያልተስማማ እንደሆነ ዕቃው በመጋዘን ይቆማል፤ ለቆመበትም ቀን ሁሉ ኪራይ ይታሰብበታል።

እንበልና አንድ አስመጪ በከዚራ ጽሕፈት ቤት፣ በጅቡቲ ዕቃ አስተላላፊ፣ በአዲስ አበባም የሒሳብ ሠራተኛ አለው። አቅራቢው የዕቃውን ዝርዝር ሁለት ጊዜ አርሞ ላከ። የመጀመሪያው እርማት በኢሜይል ወደ ጅቡቲ ደረሰ፤ ሁለተኛው በቴሌግራም ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ በከዚራ ያለው ጸሐፊ ደግሞ ገና ያልታረመውን አትሞ በዶሴው ውስጥ አስቀምጧል። ሦስቱም ሰዎች ሥራቸውን በቅንነት ይሠራሉ፤ ሦስቱም በእጃቸው ያለውን እውነተኛው ነው ብለው ያምናሉ። ዲክላራሲዮኑ በአንደኛው ዝርዝር ሲሞላ ባንኩ የያዘው ሁለተኛውን ሆኖ ይገኛል። የዚህ ችግር ምንጭ የሰነድ ማነስ አይደለም፤ የሰነድ መብዛት ነው።

በዛሬው ዘመን ለዚህ የሚቀርበው መድኃኒት በክላውድ ላይ የሚቋቋም የጋራ የፋይል ማከማቻ ነው። ቃሉ በቁሙ ደመና ማለት ቢሆንም ነገሩ በሰማይ ያለ አይደለም። በአንድ በታወቀ ከተማ፣ በአንድ በታወቀ ሕንፃ ውስጥ የተደረደሩ ሰርቨሮች፣ ዲስኮች፣ ማቀዝቀዣዎችና ጄኔሬተሮች ናቸው፤ ባለቤቱ ለብዙ ደንበኞች ያከራያቸዋል፤ ደንበኛውም በኢንተርኔት መስመር ይደርስባቸዋል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም ይህን የመሰለ አገልግሎት ይሰጣል። በአዲስ አበባው አይሲቲ ፓርክም ራክሲዮና ዊንጉ የተባሉት ኩባንያዎች የመረጃ ማዕከሎች ሠርተዋል። ከዓለም ታላላቅ አከራዮች መካከል ማይክሮሶፍት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2019፣ አማዞንም በ2020 በደቡብ አፍሪቃ ማዕከሎቻቸውን ከፍተዋል።

ማናቸውም አከራይ ቢሆን የሚያቀርበው የማከማቻ ዓይነት ሦስት ነው። ነጋዴው ልዩነቱን ሳይለይ ከተዋዋለ ለማይጠቅመው ነገር ይከፍላልና በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

አንደኛው በቁጥር የተከፋፈለ ባዶ መደርደሪያን ይመስላል። ቁልፉ እንደ ወትሮው በአንድ ሰርቨር እጅ ብቻ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ሰው የጋራ እንዲሆን አልተሠራም። ሁለተኛው በባቡር ጣቢያ መጋዘን ታስሮና መለያ ተለጥፎበት የሚቀመጥ ጥቅል ዓይነት ነው። አስቀማጩ ሲፈልገው ጥቅሉን እንዳለ ይቀበላል፤ በጥቅሉ ውስጥ ያለውን አንድ መስመር ለማረም ግን መላውን አውጥቶ በሌላ መተካት አለበት። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ የተዘጉ ዓመታት ዶሴዎችንና የመጠባበቂያ ቅጂዎችን ለማኖር የሚስማማው ይህ ነው። ሦስተኛው የጋራ የፋይል ማከማቻ የተባለው ነው። እርሱን ለመረዳት የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትን ማሰብ ይበቃል፤ ዶሴ በዶሴ ውስጥ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ፋይል ስምና ቁጥር አለው፣ ፈቃድ የተሰጣቸው ብዙ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ገብተው ያነባሉ፣ ከመካከላቸውም ማረም የተፈቀደላቸው በፋይሉ ላይ ይጽፋሉ። ከሦስቱ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከፍ የሚለውም ይኸው ነው። ስለዚህ በየዕለቱ የሚነካውን ብቻ በእርሱ አኑሮ ሥራው ያለቀለትን ወደ ሁለተኛው ማዛወር ብልኅነት ነው።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ኤንኤፍኤስ የሚባለውን ደንብ አወጣ፤ በዚህም ደንብ በሌላ ማሽን ላይ ያለ ፋይል በራስ ማሽን ላይ እንዳለ ሆኖ ይከፈታል። ዛሬ በክላውድ ላይ የሚከራዩት የጋራ ማከማቻዎች ብዙዎቹ የዚህ ደንብ ልጆች ናቸው።

ይህ ደንብ ለንግድ ቤት ሠራተኛ አንድ ልማድ ያስተምራል። በኤንኤፍኤስ አሠራር አንድ ሠራተኛ በፋይል ላይ ያደረገው ለውጥ ለሌላው በእርግጠኝነት የሚታየው፣ የመጀመሪያው ፋይሉን ዘግቶ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ሲከፍተው ነው። ፋይሉን ከጧት ጀምሮ ከፍቶ እስከ ማታ የሚያቆይ ጸሐፊ፣ ሌሎቹን በአሮጌው ዝርዝር እንዲሠሩ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ራሱም የሌሎቹን እርማት ላያይ ይችላል። ከዚህ ሌላ ሁለት ሰዎች በአንድ ፋይል ላይ በአንድ ጊዜ እንዳይጽፉ የሚከለክል መቈለፊያ አለ፤ ነገር ግን መቈለፊያው ብዙውን ጊዜ በስምምነት ላይ የቆመ ነው። ፕሮግራሙ አስቀድሞ መቈለፊያውን ካልጠየቀ ሰርቨሩ አይከለክለውም፤ በዚያን ጊዜ የኋለኛው ጽሑፍ የፊተኛውን ያጠፋዋል።

ከዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ጉግል ድራይቭና ድሮፕቦክስን የመሰሉት አገልግሎቶች በተለመደው አሠራራቸው የፋይሉን ቅጂ በየማሽኑ አኑረው ቅጂዎቹን በኋላ ያስተካክላሉ። መስመር በተቋረጠበት ሰዓት ሁለት ሰዎች አንዱን ፋይል ቢያርሙ መስመሩ ሲመለስ ሁለት ፋይል ይሆናል፤ የትኛው እውነተኛ እንደሆነም አገልግሎቱ ሊፈርድ አይችልም። ለደብዳቤና ለፎቶግራፍ ይህ ችግር አይሆንም። ፒችትሪን በመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ንግድ ቤት ግን በሥራ ላይ ያለውን የሒሳብ ፋይል እንዲህ ባለ ዶሴ ውስጥ ማኖር የለበትም፤ ፕሮግራሙ በብዙ ትንንሽ ፋይሎች ላይ በአንድነት ስለሚጽፍ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሒሳቡ ሊበላሽ ይችላል። በዚያ ዶሴ ማኖር የሚገባው ሥራው ሲያበቃ የወጣውን መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው።

ሌላው ነገር ርቀት ነው። የድሬዳዋ ሰው ርቀት በዕቃ ላይ የሚያመጣውን ወጪ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ከተማይቱ ራስዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቈረቈረች ናትና። ፋይልም እንደ ዕቃ መንገድ አለው። ኢትዮጵያ ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር ከምትገናኝባቸው በሮች አንዱ እዚያው ጅቡቲ ነው። ብርሃን በመስተዋት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም ማለት ማከማቻው በራቀ በየ1,000 ኪሎሜትሩ ለደርሶ መልስ ከሰከንድ አንድ መቶኛ ይወስዳል። ገመዱ ቀጥ ብሎ የማይሄድ በመሆኑና በየመገናኛው ጥቂት ስለሚቆይ በተግባር ከዚህ ይበልጣል።

ከሰከንድ አንድ መቶኛ ምን ያህል ነገር ነው የሚል ቢኖር ይህን ሒሳብ ይመልከት። አንድ ላኪ የቡና ናሙና ፎቶግራፎችንና የሚዛን ወረቀቶችን የያዙ፣ እያንዳንዳቸው 20 ኪሎባይት የሚሆኑ 5,000 ትንንሽ ፋይሎች አሉት እንበል። የጋራ ማከማቻ አንዱን ፋይል ለመክፈት ስሙን መጠየቅ፣ ፈቃዱን ማየትና ይዘቱን ማምጣት ስላለበት ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ያደርጋል ብንል፣ አንዱ ደርሶ መልስም ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ቢወስድ፣ መላው በየተራ ሲመጣ 1,500 ሰከንድ ይሆናል፤ ይኸውም 25 ደቂቃ ነው። እነዚያው ፋይሎች በአንድ ጥቅል ቢታሰሩ 100 ሜጋባይት ይሆናሉ፤ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር 80 ሰከንድ ይበቃቸዋል። መስመሩ ያው፣ ርቀቱ ያው፣ ሰነዱም ያው ነው፤ የተለወጠው አስተሻሸጉ ብቻ ነው። የጋራ ማከማቻ አዘገየን ብለው የበለጠ ውድ መስመር ለመግዛት የሚጣደፉ ሰዎች አስቀድመው የፋይሎቻቸውን ብዛት ቢቈጥሩ ገንዘባቸውን ባዳኑ ነበር።

አከራዮች በማስታወቂያቸው አብዝተው የሚያነሡት ማከማቻው ያለ ወሰን የሚያድግ መሆኑን ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን በመዝገብ ቤቱ ምሳሌ ይታያል። አንድ መዝገብ ቤት ሲሞላ ክፍሉን ከማስፋት ሌላ አንድ ዘዴ አለ፤ ብዙ ክፍሎች ተይዘው አንድ ሠራተኛ ማውጫውን ብቻ እንዲይዝ ይደረጋል። ባለጉዳይ ወደ እርሱ ሲመጣ የክፍሉን ቁጥር ይነግረዋል፤ ሰነዱን ግን ባለጉዳዩ ራሱ ከክፍሉ ያወጣል። ማውጫ ያዡ ሰነድ ስለማይሸከም ብዙ ሰው ያስተናግዳል፤ ቦታ ባነሰም ጊዜ አዲስ ክፍል ይጨመራል እንጂ የነበረው አይፈርስም። ጉግል እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የፋይል ሥርዓት በዚህ ዓይነት የተሠራ ነበር። ፋይሎች እያንዳንዳቸው 64 ሜጋባይት በሆኑ ቁራጮች ይከፋፈሉና አንዱ ቁራጭ በተለያዩ ሦስት ማሽኖች ላይ ይገለበጥ ነበር፤ አንዱ ማሽን ቢሞት ሁለቱ ቅጂዎች አሉ፤ ሥርዓቱም ወዲያው ሦስተኛውን ይተካል። አማዞን በ2016 ለሽያጭ ያቀረበው የጋራ ማከማቻም ደንበኛው አስቀድሞ መጠን ሳይወስን ፋይል ሲጨመር የሚያድግ፣ ሲቀነስ የሚያንስ፣ በያዘውም መጠን የሚከፈልበት ነው።

ነገር ግን ይህ ዕድገት ለማን ያስፈልጋል? የአንድ ዕቃ ጭነት ዶሴ 40 ገጽ ቢኖረው፣ አንዱ ገጽ ሲነሣ 300 ኪሎባይት ቢሆን፣ ዶሴው 12 ሜጋባይት ነው። በዓመት 500 ጭነት የሚያስገባ ብርቱ አስመጪ እንኳ 6 ጊጋባይት፣ በዐሥር ዓመትም 60 ጊጋባይት ብቻ ያከማቻል፤ ይህ በቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ በምትንጠለጠል ፍላሽ የሚያዝ ነው። ስለዚህ ለተራው ነጋዴ የጋራ ማከማቻ ጥቅሙ ስፋቱ አይደለም፤ ሰነዱ አንድ መሆኑ፣ ማን እንዳየውና ማን እንዳረመው መታወቁ ነው። ስፋቱ የሚያስፈልጋቸው ሌሎች ናቸው፤ የመጋዘን ካሜራ ሥዕል ለወራት የሚያኖሩ፣ ወይም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በተከፈተው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ የብዙ ደንበኞችን ዕቃ በአደራ ይዘው የእያንዳንዱን መዝገብ የሚጠብቁ ድርጅቶች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

ስለ አደጋ ሲነሣ የድሬዳዋ ሰው ሩቅ ሄዶ ምሳሌ አይፈልግም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ነጥቋል፤ ቤቶችንና የገበያ ሥፍራዎችንም ጠርጓል። ከጠፋው ሕይወት አንጻር ስለ ወረቀት መናገር የሚያሳፍር ነው፤ ሆኖም የተረፈው ነጋዴ ማን ምን ያህል እንዳለበት የሚያሳይ መዝገብ ከሌለው ሁለተኛ ጊዜ ይከስራል። ያለው ቅጂ ሁሉ በአንድ ሱቅ ውስጥ ከሆነ ጎርፍ፣ እሳት ወይም ሌባ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። በሌላ ከተማ ያለ ቅጂ ከዚህ ያድናል።

በአንጻሩ ደግሞ ሁሉን በሌላ ከተማ ማኖር የራሱ አደጋ አለው። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ማገባደጃ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ግድም በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማከማቻው ደኅና ነው፤ ሰነዱም አልጠፋም፤ ነገር ግን ባለቤቱ አይደርስበትም። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ የስልክ ድርጅት ገብቷል፤ ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ መረቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ ያበራው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በዚሁ በድሬዳዋ ነበር። ከሁለት ድርጅት መስመር መያዝ የአንዱ ገመድ በተበጠሰ ጊዜ ይረዳል፤ ሁለቱም በተዘጉ ጊዜ ግን አይረዳም። ስለዚህ በጉዞ ላይ ያሉ ጭነቶች ዶሴ በየማታው በጽሕፈት ቤቱ ባለ ትንሽ ዲስክ ላይ መገልበጥ አለበት። አከራዩም ይህን የሚያደርግ መሣሪያ ከሌለው ሌላ አከራይ መፈለግ ይሻላል።

ከጎርፍና ከመስመር መቋረጥ የባሰ ሦስተኛ አደጋ ከራሱ ከጋራነቱ ይመጣል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በመቶ ሃምሳ በሚያህሉ አገሮች ኮምፒውተሮችን አጥቅቶ ፋይሎቻቸውን ከቈለፈ በኋላ የቤዛ ገንዘብ ጠየቀ። ከማሽን ወደ ማሽን የተላለፈው በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ደንብ ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ነው። ማይክሮሶፍት የቀዳዳውን መድፈኛ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፤ የተጎዱት አብዛኞቹ ያላስገቡት ናቸው። የጋራ ማከማቻ ያለው ንግድ ቤት ሊያስብ የሚገባው ይህን ነው፤ አንድ ጸሐፊ የመጻፍ ፈቃድ ካለው፣ በጸሐፊው ማሽን የገባ በሽታም ያው ፈቃድ አለው። ሦስቱ ቅጂዎች ከዚህ አያድኑም፤ የተበላሸው ፋይል በሦስቱም ላይ በታማኝነት ይገለበጣልና። የሚያድነው በየቀኑ የሚነሣ፣ ከተነሣም በኋላ ማንም ሊለውጠው የማይችል የማከማቻው መልክ ነው፤ ባለሙያዎች ስናፕሾት ይሉታል። ከዚህም ጋር የጅቡቲው አስተላላፊ የጭነቱን ዶሴ እንዲያይ እንጂ የደመወዝ መዝገቡን እንዳያይ፣ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ፈቃድም በዚያው ቀን እንዲሰረዝ ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው።

ዋጋን በተመለከተ የውጭ አገር አከራዮች ሒሳባቸውን በአብዛኛው በዶላር ያቀርባሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በወር 50 ዶላር የሚከፍል ንግድ ቤት አንድ ፋይል ሳይጨምር ወጪው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በብር የሚያስከፍል የአገር ውስጥ አከራይ ከዚህ ድንጋጤ ያሳርፋል፤ ርቀቱም አጭር ነው። በአንጻሩ ታላላቆቹ የውጭ አከራዮች የብዙ ዓመት ልምድና በተለያዩ ሕንፃዎች የተባዛ ማከማቻ አላቸው። አማካዩ መንገድ በየዕለቱ የሚሠራበትን በአገር ውስጥ፣ የቈየውን መጠባበቂያ ቅጂ ደግሞ በርካሹ ጥቅል ዓይነት በሌላ ሥፍራ ማኖር ነው።

በሕግ በኩል የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱ እንዳይነፈገው ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ለማስተላለፍ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ የደንበኞችን መታወቂያ ቅጂ በሌላ አገር ሰርቨር ለማኖር የሚያስብ ንግድ ቤት አስቀድሞ ጠበቃ ቢያማክር ይጠቅመዋል።

ውል ከመፈረሙ በፊት ለአከራዩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ብዙ መሆን አያስፈልጋቸውም። ሰነዱ በየትኛው ከተማ ይቀመጣል፤ ስናፕሾቱ ለስንት ቀን ይቈያል፤ የተሰረዘ ፋይል በስንት ሰዓት ይመለሳል፤ የሚሉት ይበቃሉ። ከሁሉ የሚረሳው የመውጫው ዋጋ ነው። ብዙ አከራዮች ፋይል ሲገባ ምንም አያስከፍሉም፤ ሲወጣ ግን በጊጋባይት ያስከፍላሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር የፈለገ ደንበኛ ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ ሲመጣለት ነው።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ሙከራ ያስፈልጋል። ሥራ በቀዘቀዘበት አንድ ከሰዓት በኋላ የጽሕፈት ቤቱ የኢንተርኔት ገመድ ይነቀል። ጸሐፊው በመንገድ ላይ ያለ አንድ ጭነት ተመርጦ ፋክቱሩን፣ የማስጫኛ ሰነዱንና የመጨረሻውን የዕቃ ዝርዝር በግማሽ ሰዓት ውስጥ አትሞ እንዲያቀርብ ይጠየቅ። ገመዱ ሲመለስ ደግሞ በከዚራ የታተመው ዝርዝር በጅቡቲ ካለው ጋር ቁጥር በቁጥር ይመሳከር።